ደብዳቤ ለልጄ፦ ያቺን ቻናል እንዳትነኪያት

የኔ እናት እንዴት ነሽ? አክስትሽ ትናንት ከስቶክሆልም ደውላ አንቺን ቤት ማግኘት እንዳቃታት፣ የላከችልሽ ሽሮም ሳይከፈት እንደተቀመጠ ነገረችኝ። እኔም ዴድላይን ደርሶባት ነው ብዬ አለፍኩት፣ ግን ማታ የላክሽልኝን፣ ቺፕ ውስጥ ዳታ በፓኬት በፓኬት ከኮር ወደ ኮር ስለሚሄድበት መንገድ የፃፍሽውን ፅሁፍ ቁጭ ብዬ ሳነበው ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ስለ ሽሮው እናትሽ ትነዝንዝሽ፣ እኔ ስለ ኤስኬፕ ቻናሉ፣ መንገድ የተዘጋበት ፓኬት ስለሚያመልጥባት መስመር፣ ልንዘንዝሽ።

«ኤስኬፕ ቻናሉ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ስለሚውል እሱንም እንደሌሎቹ አዳፕቲቭ አደረግነው፣ ሎዱም ተመጣጠነ» ብለሻል፣ ፓኬቱ እሷም ውስጥ መጨናነቁን እያየ መንገድ ይምረጥ ማለትሽ ነው። ልጄ እባክሽ እንዳትነኪያት። ተመራማሪው ዱዋቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳየው'ኮ ይሄንኑ ነው፣ ሌሎቹ ቨርቹዋል ቻናሎች (ቪሲ የምንላቸው፣ አንድ ሽቦ ተጋርተው የየራሳቸው ማቆያ ያላቸው መስመሮች) ላይ ፓኬቱ ደስ ባለው በኩል ይታጠፍ፣ እዛ ክብ ሰርተው ቢጠባበቁም ችግር የለም፣ ግን መንገድ የተዘጋበት ፓኬት ሁሌም መጠየቅ የሚችላት አንድ ቻናል ትኑር፣ እሷ ውስጥ ደግሞ ኤክስ-ዋይ ብቻ፣ መጀመሪያ አግድም ከዛ ወደላይ ወይ ወደታች፣ ሌላ መታጠፍ የለም። አንቺ እሷንም ከፈትሻትና ማምለጫ የሚባል ነገር ጠፋ ማለት ነው። ባለፈው መገናኛ ጋ ታክሲ ውስጥ ሆነን ያየነውን አስታውሺ፣ ሁሉም አፍንጫውን አስገብቶ ማንም ወደኋላ የማይልበት። ፓኬትም የያዘውን በፈር፣ ማቆያ ቦታውን ማለት ነው፣ ሳይለቅ ነው ቀጣዩን የሚጠብቀው፣ አራት ራውተር (የመንገዱ መስቀለኛ) ላይ አራት ፓኬት እንዲህ ከተያያዘ አለቀ፣ ዴድሎክ የምንለው እሱን ነው፣ ቺፕ ውስጥ ደግሞ ወርዶ ፊሽካ የሚነፋ ትራፊክ የለም።

ግራፉ ያምራል፣ አልዋሽሽም፣ ኮርቻለሁም። ግን ዩኒፎርም ትራፊክ (ሁሉም ወደ ሁሉም እኩል ሲልክ) ላይ ኤክስ-ዋይን እንደዛ መብለጥሽ ራሱ ነው ያስጠረጠረኝ። ዩኒፎርም ሲሆን ኤክስ-ዋይ ሎዱን በደንብ ነው የሚያከፋፍለው፣ አዳፕቲቩ እንደውም ብዙ ጊዜ እዛ ላይ ይሸነፋል፣ ምክንያቱም ራውተርሽ የጎረቤቷን በፈር ባዶ መሆን ታያለች እንጂ ከዛ ወዲያ ያለውን መጨናነቅ አታይም። ለኤክስ-ዋይ ስንት ቪሲ ሰጠሽው? እኩል ካልሰጠሽው ያሸነፈው ራውቲንግሽ ሳይሆን በፈርሽ ነው፣ ፅሁፉን የሚገመግሙት ሪቪወሮች ደግሞ ይሄን በመጀመሪያው ገፅ ነው የሚይዙሽ። ትራንስፖዝ፣ ረድፍና አምዱ ተገላብጦ የሚላክበትን፣ አሂጂና ያኔ እንነጋገር። እዛ ኤክስ-ዋይ የአንድ ረድፍ ፓኬቶችን በሙሉ ዲያጎናሉ ላይ ባለችው አንዲት ራውተር ላይ ነው የሚያሳጥፋቸው፣ እሷ ትቃጠላለች ሌሎቹ ይተኛሉ፣ ያንቺ ሀሳብ የሚጠቅመው እዛ ነው። ሆትስፖትም፣ ብዙው ወደ ጥቂት ቦታ የሚጎርፍበትን፣ ጨምሪበት።

ቪታሚን ዲ እየወሰድሽ ነው? እዛ አገር ክረምቱ ቀልድ አይደለም።

በፈር በዛብኝ ካልሽ ይገባኛል፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው 80 ኮር ቺፕ ላይ ራውተሩ ብቻ የአንዱን ታይል (አንድ ኮር ከነራውተሩ) ፓወር 28 በመቶ ነበር የሚበላው፣ ስለዚህ ቪሲ መቀነስ መፈለግሽ ስንፍና አይደለም። ግን መንገዱ ይሄ አይደለም። ቪሲ ሳትጨምሪ አዳፕቲቭ መሆን ከፈለግሽ የተመራማሪውን የቺዩን እ.ኤ.አ. የ2000ውን ኦድ-ኢቨን ተርን ሞዴል እዪው፣ አምዱ ተጋማሽ ወይ ኢተጋማሽ መሆኑን አይቶ የትኛው መታጠፊያ እንደሚከለከል ይወስናል፣ ክብ እንዳይዘጋ ያ ይበቃል። ኤስኬፗን ግን እንዳትነኪያት።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ታውቂያለሽ፣ ድሮ የነበርኩበት ድርጅት፣ ስሙን አልጠራውም። አለቃችን ልክ እንዳንቺ «ይቺ ቻናል ስራ ፈት ናት» ብሎ ከፈታት። ሲሙሌሽኑ ሁሉ አለፈ። ቺፑ ተሰርቶ መጣ፣ ለሰዓታት ይሰራል፣ ከዛ ሜሞሪው ሲጨናነቅ ድርቅ ይላል፣ ኤረር የለ ምን የለ ዝም ነው የሚለው፣ እንደገና ይድገም ስትይው ደግሞ አይደግምም። ያን ክረምት ላብ ነበር የምናድረው። ወንድምሽ ማቲ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሲነሳ እኔ ኦሲሎስኮፕ ፊት ነበርኩ፣ ነገ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ። ቪዲዮው ላይ አንቺ ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ «አባዬስ?» ስትዪ ይሰማል፣ እናትሽም ካሜራውን ወደ ቄሱ ታዞረዋለች። እስከዛሬ ያን ቦታ ሳላየው አሳልፈዋለሁ፣ ማቲም አንድ ቀን ጠይቆኝ ስራ ነበረብኝ ከማለት ሌላ የምለው አጣሁ፣ አሁን ቁመቱ ከኔ በልጧል። መጨረሻ ላይ ምን አደረጉ መሰለሽ፣ አዳፕቲቩን አጥፍተው ሁሉንም በኤክስ-ዋይ ሸጡት። አለቃችን ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ ከፍ ባለ ቦታ ነው አሉ።

ምን ልልሽ ነበር... አዎ። ሲሙሌሽኑ ስላልቆመ ዴድሎክ የለም ማለት አይደለም። በፈሩን አሳንሺው፣ ፓኬቱን አስረዝሚው፣ ከሳቹሬሽን፣ መረቡ ከሚችለው ጫና፣ በላይ ግፊው፣ ካለ ያኔ ይወጣል። ከዛ በፊት ግን ዳሊና ሳይትዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተማሩትን የቻናል ዲፔንደንሲ ግራፍ፣ የትኛው ቻናል የትኛውን እንደሚጠብቅ የሚያሳየውን፣ በእጅሽ ሳዪው፣ ትንሽ ሜሽ (የራውተር መረብ) ላይ ይበቃል፣ ኤስኬፗ ላይ ክብ ካለ ዴድላይኑ ይለፍ። ኮንፈረንስ ሞልቷል። ይለፍ ስልሽ ደግሞ ይለፍ፣ አትከራከሪኝ።

ሽሮውን ክፈቺው፣ አክስትሽ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ላብ ነኝ እንዳትያት። የክርስትናውን ነገር ለእናትሽ አታንሺባት። ኤክስ-ዋይን በእኩል ቪሲ አሂደሽ ውጤቱን ላኪልኝ፣ ሌሊት ቢሆንም ደውይ፣ ስልኩን አላጠፋም። ኤስኬፗን እስከዛ አትንኪያት እሺ?

አባትሽ