ጋሼ አናጢውን ስናስብ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ጋሼ አናጢውን ከቀበርን ሁለት ሳምንት ሆነን። በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ሰው ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ ጋሼ አናጢው ናቸው።

ድንኳናችን ውስጥ የምንቀመጥባቸውን አግዳሚ ወንበሮች የሠሩት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ ባለፈ ቁጥር ሳይጠሩ መጥተው የተነቃነቀውን እግር ያጠብቁ ነበር። ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። በራሳቸው ለቅሶም የተቀመጥነው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ሆዴን ያባባው ይሄ ነው።

ዋንዛ ይወዱ ነበር። ለመላጊያ አያስቸግርም፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። እርጥብ እንጨት ግን በፍጹም አይነኩም። ፀሐይ ላይ የተጣደ ጣውላ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ፣ በመሀሉ አየር እንዲገባ አድርገው ደርድረው፣ ወራት ያቆዩታል። ደንበኛ ቢቆጣም አይቸኩሉም። እኔ የልጄን አልጋ አራት ወር ጠብቄያለሁ። እስከ ዛሬ ሲጥ ብሎ አያውቅም።

እሑድ የቤተሰብ ቀን ነበር። ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው አሞራ ገደል ዓሣ ይበላሉ፤ ከዚያ በሐይቁ ዳር ቀስ እያሉ ወደ ቤት። መላጊያውን አሁን የያዘችው የመጨረሻ ልጃቸው ናት።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው እንሄዳለን። እትዬን ብቻቸውን አንተዋቸው። ያዘዛችሁት ሥራ ካለም እባካችሁ አትሰርዙ፤ ልጅቷ ትጨርሰዋለች።

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ሐዋሳ