የሙዚቃ ሒስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ክበባችን ምን እንደሚሠራ በመምህራን ማረፊያም ሆነ በወላጆች ስብሰባ ላይ በተደጋጋሚ ሲጠየቅ ስለቆየ ዘገባውን ከዚሁ መጀመር ይሻላል። የሙዚቃ ሒስ ክበብ ጊዜ የሚገደልበት ቦታ አይደለም። አባላቱ አሳታሚ ሳይዙ በራሳቸው ወጪ የሚሠሩ ድምፃውያንና ተጫዋቾች የሚያወጧቸውን አዳዲስ ነጠላ ዜማዎችና አልበሞች መርጠው ያደምጣሉ፤ ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቅንብሩንና የቀረጻውን ጥራት ለይተው ይመረምራሉ፤ የደረሱበትንም ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አዘጋጅተው በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ያነባሉ። «ደስ ይላል» ወይም «አይረባም» ብሎ ማለፍ በደንባችን የተከለከለ ነው፤ የትኛው ስንኝ፣ የትኛው መሣሪያ፣ በስንተኛው ደቂቃ ላይ የሚለውን ያላካተተ ጽሑፍ ለጸሐፊው ይመለሳል። የአማርኛ መምህራን ዓመቱን ሙሉ የሚደክሙበትን የአንቀጽ አጻጻፍ ተማሪዎች በፈቃዳቸው ሲለማመዱት እየታየ «ለፈተና ምን ይጠቅማል?» መባላችን ያስተዛዝባል።

ስመ ጥሮቹን ትተን በግላቸው በሚሠሩት ላይ ያተኮርነው ያለ ምክንያት አይደለም። የታወቀ ድምፃዊ አልበም ሲያወጣ ሬዲዮው ሁሉ ይነጋገርበታል፤ በአንድ ላፕቶፕ ቀርጾ በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚለቅ ወጣት ግን ከወዳጆቹ ሙገሳ በቀር ሥራውን ከልቡ አድምጦ ጉድለቱን የሚነግረው የለውም። በአገራችን ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ በግል መሞከር የቱን ያህል ለውጥ እንዳመጣ ለአዲስ አባላት በመጀመሪያው ስብሰባ እናስረዳለን። ሸክላ ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተፈቅዶ በነበረበት ዘመን አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ማሳተሚያ ባያቋቁም ኖሮ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» ከምንለው ሙዚቃ ብዙው በሸክላ ላይ ሳይቀር ያልፍ ነበር። የሸዋው ልጅ ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ይዞ የቀዳው ካሴት ለዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ፣ በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ የኖረውን ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረክ መልሶታል።

ስብሰባዎቻችን ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤያቸው በፋይል ይገኛል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ራፕ፣ ሬጌ፣ ኢትዮ ጃዝ እና ባህላዊ ዘፈኖች ተገምግመዋል። ከእነዚህ ሁሉ ያከራከረን ራፕ ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል አባል፣ በአማርኛ ግሥ ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ላይ ስለሚውል ስንኙን ሁሉ «መጣልኝ»፣ «ገባልኝ»፣ «ሆነልኝ» እያሉ መጨረስ ቤት መምታት አይባልም፣ ቋንቋው በነፃ የሰጠው ነው ሲል ጻፈ። የራፕ ወዳጆች ለሁለት ሳምንት አኮረፉት፤ ሆኖም በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው በግሥ ሳይሆን በስም ቤት የሚመታ ሥራ ፈልገው አመጡ።

ዐቢይ ጾምና ረመዳን በተደራረቡበት ወቅት ዓለማዊ ዘፈን የማያደምጡ አባሎቻችንን አክብረን በግል የተቀረጹ የበገና መዝሙሮችንና መንዙማዎችን መረመርን። በገናውን መጀመሪያ ያደመጥነው በስልክ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ አብዛኞቹ አባላት «ባዶ ነው፣ ድምፁ ይጮኻል እንጂ አይከብድም» ብለው ጻፉ። አንድ አባል ከአጎቱ የተዋሰውን ማዳመጫ ይዞ ሲመጣና በየተራ ጆሯችን ላይ ስናደርገው ግን በስልኩ ትንሽ ማጉያ የማይሰሙት ወፍራሞቹ አውታሮች ከነእንዚራቸው (ከአውታሩ ሥር ከምትገባው ትንሽ ቆዳ) ዝዝታ ጋር ተሰሙ። የተጻፉት ሒሶች በሙሉ ተሰርዘው እንደገና ተጻፉ። ያለ ተገቢ መሣሪያ በሰው ሥራ ላይ መፍረድ ግፍ እንደሆነ ተማሪዎቹ ያዩት ያን ዕለት ነው፤ የትምህርት ቤታችን አስተዳደርም ቢያየው ደስ ይለን ነበር።

በዓመቱ ውስጥ ሳልረሳው የምኖረው ግን በሚያዝያ ወር በከተማችን በግሉ የሚሠራ አንድ ወጣት ድምፃዊ መቅረጫ ክፍሉን እንድንጎበኝ የጋበዘን ዕለት ነው። ክፍሉ ከግቢው ጀርባ ያለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ስትሆን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ ዙሪያውን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። በአዲሱ ነጠላ ዜማው ላይ ሒስ የጻፈችው ከመንዝ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት፤ ጽሑፏም ምሕረት የለሽ ነበር። ድምፃዊው ፊቷ ተቀምጦ ሳለ ታነበዋለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ ቢያንስ ጥቂት ቃላት ታለሳልሳለች ብዬ ነበር። ወረቀቱ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ አንድም ቃል ሳትለውጥ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ማሲንቆው የሞተ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ጓደኞቿ መሬት መሬት አዩ።

ድምፃዊው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እስኪ ነይ እህቴ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አሳይኝ» አላት። እሷም ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆማ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ያለውን ቦታ አስጠበቀችው፤ ሲደርስም «እዚህ ጋ ጋሼ! ማሲንቆ እኮ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ነው የሚሄድ፤ ይኼ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ይረግጣል» አለችው። የቀሩትን መሣሪያዎች ዘግቶ ማሲንቆውን ብቻውን ሲያሰማን ሁላችንም ሰማነው። ከኪቦርዱ ጋር እንዲስማማለት በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም እንዳሳለፈው ነገረን፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ኪቦርዱ ቁልፎች ስለሚስበው፣ ተጫዋቹ በአንዲቷ ጭራ ላይ ጣቱን እያንሸራተተ ያወጣው ለቅሶ ሁሉ ተላጭቶ ቀርቷል። ያልተነካውን ቅጂ ፈልጎ ሲከፍተው ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፤ ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ የታረመውን ሥራ በቴሌግራም ላከልን። እሷም ሁለተኛ ሒስ ጻፈችለት፤ ማሲንቆውን አመስግናለች፣ ግጥሙን ግን አሁንም አልማረችውም።

ያልተሳካልንም አለ። የአዝማሪዎችን ጨዋታ በቦታው ለመስማት ወደ አንኮበር ያቀድነው ጉዞ ለመኪና ያቀረብነው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል፤ የ12ኛ ክፍል አባላት በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለፈተና ዝግጅት ተለይተውናል፤ መብራት በጠፋባቸው ዓርቦች ደግሞ ከማድመጥ ይልቅ የቆዩ ጽሑፎችን ስናርም ውለናል። የምንጠቀምበት ድምፅ ማጉያ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ነው፤ ጠዋት ከተበላሸ ከሰዓት እኛም የለንም። የስፖርት ክበቡ አዲስ ማሊያ ሲገዛለት ከልብ አጨብጭበናል፤ የእኛ የዓመት በጀት ግን አንድ ፍላሽ ሲሆን፣ የኢንተርኔቱን ዳታ አስተባባሪ መምህሩና አባላቱ ከኪሳቸው ሞልተዋል።

ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ አምስት ወይም ስድስት ደህና የጆሮ ማዳመጫዎች፣ አንድ የድምፅ መቅጃ እና ለአንድ ቀን የሚሆን የአንኮበር መጓጓዣ። ጉዳዩን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በጽሑፍ አቅርበናል። በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ያገለገለም ቢሆን የሚሠራ ማዳመጫ ካላችሁ በንብረት ክፍሉ በኩል ብታደርሱልን በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተረክበን፣ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ሒስ የት እንዳደመጥነው ጠቅሰን እንልክላችኋለን።