ተራራውን ከመምረጥ በፊት የጉዞውን ዓይነት እንምረጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ወሎ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማርሁና አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ የደሴ ነዋሪ ነኝ። በዕረፍት ቀናት በእግር ተጉዞ አገርን የማየት ልማድ በወጣቶቻችን ዘንድ እየሰፋ መምጣቱ ከልብ ያስደስተኛል። ሆኖም ምክር ፈልገው ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ «የትኛው ተራራ ይሻላል?» ብለው ነው። በስንት ቀን፣ ከማን ጋር፣ የት እያደሩ፣ ጓዛቸውን ማን ተሸክሞላቸው እንደሚሄዱ አስቀድመው ያሰቡት ጥቂቶች ናቸው።

የዚህን ጉድለት ዋጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጉዞ አዘጋጅ ያሰባሰበውን ቡድን ደሴ ላይ ተቀላቅዬ ላሊበላ ደረስን፤ በማግስቱ ንጋት ላይ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ወጥተን በዚያው ቀን እንድንመለስ ታቅዶ ነበር። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የተራራው ጫፍ ግን ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከመካከላችን አንዱ ወጣት የመጣው ከድሬዳዋ፣ ማለትም ከ1,200 ሜትር አካባቢ ነበር፤ የጉዟችን አዘጋጅ ግን ማን ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። ከግማሽ በላይ እንደወጣን ወጣቱ ራሱን ይፈልጠው፣ ያስመልሰውም ጀመር። ከአካባቢው ገበሬ በቅሎ ለምነን አወረድነው፤ ዝቅ እያልን በሄድን ቁጥርም ተሻለው። ለከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው፤ መከላከያው ደግሞ ቀስ ብሎ መውጣት ሲሆን፣ 3,000 ሜትር ካለፉ በኋላ የሚያድሩበትን ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ይመከራል። ያ ልጅ የደከመው ጉልበት አንሶት ሳይሆን ለእርሱ የማይስማማ የጉዞ ዓይነት ስለተመረጠለት ነው።

ልጆችና አረጋውያን ላሉበት ቤተሰብ በአንድ ቦታ አርፎ በየቀኑ አጭር መንገድ ሄዶ መመለስ ይበጃል። ላሊበላ ላይ ካረፉ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም መውጣት ለግማሽ ቀን ይበቃል፤ ዳገቱ ለከበደው ደግሞ በቅሎ አለ። ደሴ ላይ ያረፈ ሰው አንድ ቀን የጦሳን ተራራ፣ ሌላ ቀን የሐይቅን ዳርቻ ማየት ይችላል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ሴቶች እንደማይገቡ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ ይወቀው።

እኔ ለብዙው ሰው የምመርጠው ግን በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ የተጀመረውን ዓይነት ጉዞ ነው። በዚያ አካባቢ ገበሬዎቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው፣ በገደል አፋፍ ላይ በተሠሩ ጎጆዎች እንግዳ ሲቀበሉ ኖረዋል። ጓዙን አህያ ይጭናል፣ የአካባቢው ሰው መንገድ ይመራል፣ ተጓዡም ከመንደር ወደ መንደር በእርጋታ እየሄደ ማታ ማታ ከባለቤቶቹ ጋር እሳት ይሞቃል። የሚከፍለው ገንዘብ ለመንደሩ ይቀራል፤ የገብሱን ማሳ፣ የጭላዳውን መንጋ፣ የሰውንም ኑሮ ሳይጣደፍ ያያል። ጫፍ ደርሶ ፎቶግራፍ ለመነሳት ብቻ የሚሮጥ ሰው ይህን ሁሉ ሳያየው ያልፋል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

በድንኳን እያደሩ አቡነ ዮሴፍን ወይም የደቡብ ወሎውን ቦረና ሳይንት መዞር ጅብራ የተባለውን ረጅም የውርጭ ተክልና የጓሳውን ሣር፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮን ለማየት ያበቃል። ነገር ግን ውርጭ ማለት ውርጭ ነው፤ ሙቀቱ በየሺህ ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና ሌሊቱን በአንድ ጋቢ ማሳለፍ አይቻልም። ይህ ጉዞ ልምድ ላለው ይተው። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚደረገው ጉዞ ደግሞ የስለት መንገድ ነውና ከመዝናኛ ጋር እንዳይቀላቀል እለምናለሁ።

ወራቱንም በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ የወሎ ደጋ ከየካቲት ጀምሮ በልግ ስለሚያገኝ ሌላ አገር ደረቅ በሆነበት ወቅት እዚህ መንገዱ ይጨቀያል። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ከደረሰበት መከራ አንጻርም፣ ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም ከነዋሪው መጠየቅ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣዎ ስለ እግር ጉዞ በሚጽፍበት ጊዜ ከውብ ፎቶግራፉ ጎን ተጓዡ የሚያድርበትን ከፍታ፣ በቀን የሚሄድባቸውን ሰዓታት፣ ጭነቱን ማን እንደሚይዝና መንገድ መሪው ከየት እንደሚገኝ አብሮ ቢያትም፣ እንደዚያ ወጣት ያሉ ብዙዎች ቤታቸው ሆነው ለራሳቸው የሚስማማውን ለመምረጥ ይችሉ ነበርና ይህንኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር
ከደሴ