ማሽኑ ሲበላሽ ደውሉልን

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአንጀት ሕሙማንን የስፔሻሊስት ወረፋ ይመለከታል

ክቡራን፣

የምጽፈው ከደሴ ነው። መምህርት ነኝ። ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ አለብኝ። ስሙን ስናገር ሰው ሁሉ «ምን?» ይለኛል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ያልኩት ይህንኑ ነው። የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ተነስቶ የሚያቆስልበት በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጨርሶ አይድንም፣ በመድኃኒት ግን ጋብ ይላል። ወንድሙ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ይባላል፤ እሱ ትልቁን አንጀት ብቻ ነው የሚይዘው።

ስሙ ላይ እስክደርስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። መጀመሪያ አሜባ ተባልኩ። ቀጥሎ ጃርዲያ። ከዚያ ታይፎይድ፣ ከዚያ እንደገና አሜባ። ሜትሮኒዳዞል የዋጥኩትን ያህል ሽሮ የበላሁ አይመስለኝም። ሐኪሞቹን አልወቅስም። በእኛ አገር ሆዱን ይዞ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ያለበት እሱው ነው። ክብደቴ ከ58 ኪሎ ወደ 43 ሲወርድ «የአንጀት ቲቢ ሊሆን ይችላል» ተባለ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በካሜራ ሲታዩ እንኳ መንታ ይመስላሉ። የክሮንስ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ቲቢ ላለበት ሰው ተሳስቶ እሱን መስጠት ደግሞ ቲቢውን መልቀቅ ነው። ሐኪም ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ጥርጣሬውን ለማጥራት በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ገብቶ ማየትና ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ለዚያ ሪፈር ተጻፈልኝ፣ ወደ አዲስ አበባ። ቀጠሮው ከሰባት ወር በኋላ ሆነ።

ሰባት ወሩን ጠበቅሁ። ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ መታገስ ለማይችል ሆድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሾፌሩን «አቁምልኝ» ላለማለት ካለፈው ቀን ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ደብረ ሲና ላይ ተሳፋሪው ቆሎ ሲገዛ እኔ ዓይኔ የሚፈልገው ሽንት ቤት ነበር። ማታ ፔንሲዮን ያዝኩ። ለምርመራው አንጀት መጽዳት አለበት። የታዘዘውን ማስቀመጫ መድኃኒት በጥብጬ ከምሽት ጀምሮ ጠጣሁ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ውኃ ጠፋ። ለመጠጥ የገዛሁትን ሃይላንድ ሽንት ቤት ስደፋ አደርኩ። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈው ሰው ምን እንዳለ አልጠይቅም።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ደረስኩ። ሰባት ነበርን። 4 ሰዓት ሲሆን አንድ ሠራተኛ ወጥቶ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ ሌላ ቀጠሮ አሲዙ» አለን። ከባሌ የመጡ አንድ አባት «ታዲያ የጠጣሁት እስከዚያ ይቆይልኛል?» ብለው ጠየቁ። ሳቅን። ምን እናድርግ?

አዲሱ ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ነበር። ከወረፋው ጭራ ጀመርን ማለት ነው። ስወጣ ጥበቃው ማሽኑ ከቆመ ሦስት ቀኑ እንደሆነ ነገረኝ። ስልክ ቁጥሬ ካርዴ ላይ ተጽፏል።

አራት ወሩ አልሞላም። በሦስተኛው ወር አንጀቴ ጠብቦ ጠብቦ ተዘጋ። በድንገተኛ ክፍል ገባሁና ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ከትንሹ አንጀቴ የተወሰነው ተቆርጦ ወጣ። ክሮንስ መሆኑ የታወቀው ከዚያ ከተቆረጠው ሥጋ ነው። ስንት ወር የጠበቅሁለት ናሙና በዚህ መንገድ ተወሰደ።

አዲስ ሆስፒታል ሥሩ አልልም። የአንጀትና የጉበት ስፔሻሊስት በአንድ ጀንበር እንደማይወጣ አስተማሪ ስለሆንኩ ይገባኛል። ሕክምና ተምሮ፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሆኖ፣ እንደገና ሌላ ትምህርት ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። እኔ የምለምነው ዛሬ ያለው ወረፋ ሥርዓት እንዲይዝ ነው።

አንደኛ፣ ማሽን ሲቆም ሕመምተኛው ማስቀመጫውን ከመጠጣቱ በፊት ይደወልለት። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ነው። ማሽኑ ሲሠራም የተመለሱት ሰዎች ቀድመው ይግቡ እንጂ እንደ አዲስ አይሰለፉ።

ሌላው፣ ወረፋው በመጣንበት ቀን ብቻ አይሁን። ደም የሚፈሰው፣ አሥራ አምስት ኪሎ የከሳ፣ ሌሊት ሆዱ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ሰውና ለጥንቃቄ ልታይ ብሎ የመጣ ሰው እኩል ሰባት ወር መጠበቅ የለባቸውም። ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ። በሽታው ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ቲቢም ቢሆን ከፍ ይላል። ግን አንጀት የተቆጣበትን ሰው ሆዱ እንዲያው ከሚረብሸው ይለያል። ይህ በየጠቅላላ ሆስፒታሉ ቢኖር ሪፈር የሚጽፈው ሐኪም «ይህ ሰው ይቅደም» የሚልበት ማስረጃ ይኖረዋል። ሪፈር ወረቀቱ ላይም «አስቸኳይ» የሚል ቦታ ይኑርና ካርድ ክፍል ያንብበው።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ አልልም። አዝአቲዮፕሪን የሚባለው የክሮንስ መድኃኒት ፋርማሲው ውስጥ ሲጠፋ «ከውጭ ግዙ» መባሉን ለምደነዋል።

አሁን ደህና ነኝ፣ ክፍሌ ገብቼ አስተምራለሁ። ክሮንስ ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እዚያው የተሰፋው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በካሜራ መታየት አለብኝ። ቀጠሮዬ ኅዳር ላይ ነው። ስድስት ወር የሚሞላኝ መስከረም ላይ ስለሆነ እስካሁን አልረፈደም። ስልኬ አልተቀየረም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት መምህርት፣ ከደሴ