አደይ አበባና አውድማ አንድ ላይ አይሆንም

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ገበሬ ግቢ ሞዴል ነው። ልጆች ለትምህርት ቤት በካርቶንና በጭቃ የሚሠሩት፣ አንዳንድ ቢሮና ሆቴል ውስጥም በመስታወት ሳጥን ተደርጎ የሚቀመጠው ማለቴ ነው። እባካችሁ ቦታ ስጡኝና የሚያንገበግበኝን ልናገር።

በቅርቡ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ሥራ ለወላጅ አሳይቶ ነበር። ሄድኩ። ሦስት የገበሬ ግቢ ሞዴሎች ነበሩ። ልጆቹ እንደለፉ ያስታውቃል፤ ጣታቸው ላይ ኮላው ገና አልለቀቀም። ግን አንደኛው ላይ በሬዎች ያርሳሉ፣ ከጎናቸው ጤፉ ለምለም አረንጓዴ ነው፣ ከጤፉ አጠገብ አውድማ ላይ እህል ይወቃል፣ ዙሪያውን ደግሞ አደይ አበባ ፈክቷል። ሰኔ፣ ነሐሴ፣ መስከረምና ታኅሣሥ አንድ ሜትር በማትሞላ ሰሌዳ ላይ። የተጠመዱት ከሱቅ የተገዙ የፕላስቲክ የፈረንጅ ከብቶች ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሻኛ የሌላቸው። አንደኛዋ ግቷ የሚታይ ላም ናት። ሞፈሩ ደግሞ እንደ ጋሪ በገመድ ከኋላ ተጎትቷል። የኛ ሞፈር በሁለቱ በሬዎች መሀል አልፎ ቀንበሩ ላይ ይደርሳል፣ እዚያ ነው በምራን የሚታሰረው። ይህን ያላየ ልጅ ከየት ያምጣው?

ልጆቹን አልወቅስም። መምህሯንም አልወቅስም። ጠይቀው የሚያገኙት ሰው አልነበረም፤ ኢንተርኔት ላይ ያገኙት ሥዕል ራሱ ስህተት ነው። እኔ የምለው፣ የገበሬውን ግቢ አሳንሰን ስንሠራ አንድ ቦታ፣ አንድ ወር፣ አንድ ልክ መርጠን እንሥራ ነው። ይህን የምለው ከራሴ ሥራ ተነስቼ ነው።

ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው የአጎቴን ግቢ በትንሹ መሥራት ከጀመርኩ። አጎቴ ምንጃር ነው የሚኖረው። ጤፍ ያመርታል፣ መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር አፈር ነው። ልጄ አንድ ቀን "ጋሼ የሚያርሰው ቦታ ከቤቱ ስንት ይርቃል?" ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ አድጌ ርቀቱን አላውቀውም። በሚቀጥለው በዓል ሜትር ይዤ ሄድኩ።

ልኩን 1 ለ32 አደረግኩት፣ ማለትም የእውነተኛውን ርዝመት ሁሉ ለ32 አካፈልኩ። ይህ ልክ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ዓለም ላይ የእርሻ አሻንጉሊት የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ነው። የእንግሊዙ ብሪቴንስ ኩባንያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወላጆች የወታደር አሻንጉሊት ሲሰለቻቸው፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ላምና በግ፣ አጥርና ገበሬ መሥራት ጀመረ። አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ደግሞ ዳየርስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የእርሻ አሻንጉሊት ብቻ የሚታይበት ሙዚየም አላት። እዚያ አገር በ1 ለ64 የሚሠሩ ሰዎች የበቆሎውን መስመር ርቀት ሳይቀር ይለካሉ። ማሳ ላይ 76 ሳንቲሜትር ከሆነ ሞዴሉ ላይ 1.2 ሳንቲሜትር ይሆናል። የራሳቸውን ገበሬ እንዲህ ነው የሚያከብሩት። እኛስ?

በ1 ለ32 ስሠራ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ መሬቱ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው እንበል፣ ማለትም 50 ሜትር በ50 ሜትር። ይህ ለ32 ሲካፈል በየጎኑ ከ1.5 ሜትር ይበልጣል። አንድ ጥማድ ብቻ! አልጋ ያህላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ቤቱን ትልቅ፣ ማሳውን የመሀረብ ያህል ያደርገዋል። ልጆቹ ያንን ሲያዩ ገበሬ የሚያርሰው የጓሮ መደብ ይመስላቸዋል። እኔ ማሳውን አላሳነስኩትም፤ ቆረጥኩት። የቺፑዱ ጠርዝ ላይ ማሳው ድንገት ያበቃል። የሚያይ ሰው ከዚያ ወዲያ እንደሚቀጥል ይገባዋል።

የቀረው መለካት ነው። ሞፈሩ 3.2 ሜትር፣ ሞዴሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር። ትልቁ ቤት ከግድግዳ ግድግዳ 6.4 ሜትር፣ ሞዴሉ ላይ 20። በሬው ትከሻው ጋ ሲለካ አራት ሳንቲሜትር አይሞላም። አጎቴ መጀመሪያ ሜትሩን ሲያይ ግራ ገባው። "ሞፈር በክንድ ነው የሚለካ" አለኝ። ቆይቶ ግን ራሱ የሜትሩን ጫፍ ይይዝልኝ ጀመር፣ ያልጠየቅኩትንም ያስለካኝ ነበር። የበረቱን በር ስፋት፣ የጎተራውን እግር ከፍታ። "ይህን ካልሠራህ አይጥ ይገባል" አለኝ የጎተራውን እግር እያሳየ።

ከሁሉ ብዙ የደከምኩት ለእርሻ ዕቃው ነው። ማረሻውን ሚስማር በመዶሻ ጠፍጥፌ፣ ድግሮቹን ስቴኪኒ ሰንጥቄ፣ ምራኑን ክር በሰም አሽቼ፣ ማነቆዎቹን አንድ በአንድ ቀርጬ ሠራሁ። ወገሉ ብቻ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ፎቶውን በስልክ ላክሁለት። ደወለልኝ። "መቼ ነው ይህ?" አለ። "ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው ጋሼ፣ የመጨረሻው ጤፍ እየታጨደ፣ አውድማው እየተለቀለቀ" አልኩት። "ታዲያ ታኅሣሥ ላይ ምን ልታርስ ነው?" አለኝ። ልክ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ የደከምኩበት ሞፈርና ቀንበር አሁን ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ብዙ ሰው አያየውም። ቦታው ግን እዚያ ነው።

አፈሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። የአጎቴን መረሬ በማዳበሪያ ከረጢት አመጣሁና በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። መረሬ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሞዴሉ ላይም ማንም ሳይነካው ራሱ ይሰነጠቃል! ግን ውፍረቱን መጠንቀቅ ነው። መጀመሪያ ጣት ያህል ውፍረት አነጠፍኩት፣ ሲደርቅ በሬው እግሩን የሚሰብርበት ገደል ሆነ። አፈርሼ ሦስት ሚሊሜትር ብቻ አነጠፍኩ፣ ውኃ ላይ ጥቂት ኮላ ጠብ አድርጌ። አሁን ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ማሳውን ሙሉ እንደ መረብ ይዞታል። ሳየው ያደግሁበት መሬት ነው።

ደግሞ ትልምን ቀጥ አድርጎ፣ ጥልቅ አድርጎ መሥራት የጤፍ ማሳን አያሳይም። የኛ ማረሻ አፈሩን እንደ ትራክተር አይገለብጥም፣ እየሰነጠቀ ነው የሚሄደው። መሀል ላይ ሳይታረስ የሚቀር ስላለ ገበሬው ተመልሶ በአግድም ያርሰዋል። ለጤፍ ሲሆን ደግሞ ከመዝራቱ በፊት በከብት ያስረግጠዋል፣ ፍሬዋ ደቃቅ ስለሆነች። ስለዚህ የጤፍ ማሳ ወለሉ ደልዳላ ነው።

ጤፉን ከቃጫ ሠራሁት። በ2.5 ሳንቲሜትር ቆራርጬ፣ በሻይ ቅጠልና በእርድ ቀቅዬ፣ የበሰለ ጤፍ መልክ ሲይዝ አደረቅሁት። ከዚያ ቁንጥር ቁንጥር እያደረግሁ በመቆንጠጫ ተከልኩ። ሁለት ስንዝር ለማይሞላ ቦታ ሦስት ሳምንት። ልጄም ማታ ማታ ታግዘኝ ነበር። ስንጨርስ ወታደር ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። አጎቴ አዲስ አበባ ለሐኪም መጥቶ ሲያየው ዝም ብሎ ቆየና መዳፉን ጤፉ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ወገን ተጫነው። "የበሰለ ጤፍ ይጋሸባል" አለ። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ሥዕል ይነግራችኋል?

የዚያኑ ቀን አውድማውንም አነሳብኝ። እኔ ለዓይን ያምራል ብዬ ከቤቱ አጠገብ ነበር ያደረግሁት። በእበት ለቅልቄው፣ ደርቆ ያንን አመድማ አረንጓዴ መልኩን ይዞ ነበር። "ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?" አለኝ። በእጄ አሳየሁት። "እንግዲያው ገለባው ቤት ሊገባ ነው" ብሎ አውድማውን ከነካርቶኑ በሁለት እጁ አንስቶ ከቤቱ አሻግሮ ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጠው። ክምሩን ተከትሎ አዛወረ። መንሹንና ላይዳውን ደግሞ የሠራተኛው ቀኝ እጅ በሚደርስበት በኩል አደረጋቸው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ጎንበስ ብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቦታ ቦታቸውን ሲያስይዝ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ እንኳ ትዝ አላለኝም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ሞዴሉ ላይ ወዳደረግኳቸው የውኃ ጀሪካንና የቆርቆሮ ጣሪያ ልምጣ። ሞዴሉን ያየ አንድ ወዳጄ "ሁሉም ጥሩ ነው፣ ጀሪካኑንና ቆርቆሮውን ግን አንሳቸው፣ ባህሉን ያበላሻሉ" አለኝ። አላነሳም። የአጎቴ ትልቁ ቤት ቆርቆሮ ከለበሰ ቆይቷል፤ የሣር ክዳን የቀረው ማድ ቤቱ ብቻ ነው። ማድ ቤቱን ስፌት ሰፊዎች በሚጠቀሙበት አክርማ ከደንኩት፣ ያምራል። ቆርቆሮውንም ቢሆን በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። የለስላሳ ጣሳ ቆርጬ፣ ስቴኪኒ ጎን ለጎን ደርድሬ፣ በላዩ ላይ በማንኪያ ጀርባ እየተጫንኩ ሞገዱን አወጣሁለት። የቆርቆሮው ሞገድ በ1 ለ32 ሲሰላ ከስቴኪኒ ውፍረት ብዙ አይርቅም።

ጀሪካኗ ደግሞ ቢጫ ናት፣ ቁመቷ 1.4 ሳንቲሜትር ነው። ከቦኖው በሚመጣው መንገድ ላይ አንዲት ልጅ አዝላታለች። ያቺ ልጅ የአጎቴ የልጅ ልጅ ናት፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ ትቀዳለች። ጀሪካኑን ካነሳሁ እሷን ምን ላሸክማት ነው? እንስራ? እሷ እንስራ ተሸክማ አታውቅም። የገበሬ ግቢ ስንል ሁልጊዜ የድሮውን ብቻ የምናሳይ ከሆነ ዛሬ እዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ከሥዕሉ አውጥተናቸዋል ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ወዳጄም እንዳይቀየመኝ።

ሌላ አካባቢ የሚሠራ ሰው ደግሞ የራሱን ይሥራ። ባሌና አርሲ ስንዴው በኮምባይነር የሚታጨድበት ማሳ ሞልቷል፤ እዚያ አውድማ ማስቀመጥ ግድ አይደለም። ጉራጌ ከሆነ ከቤቱ ጓሮ እንሰቱ፣ ከፊቱ ጀፎረ የሚባለው ሰፊው የመንደር መንገድ ሊኖር ነው። ኮንሶ ከሆነ የድንጋይ እርከኑ ነው ዋናው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው። ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ጎጆ፣ አንድ ዓይነት በሬ አስቀምጦ "የኢትዮጵያ ገበሬ" ብሎ መጻፍ ይብቃን።

መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለልጆቹ ሥራውን ስትሰጡ "የገበሬ ኑሮ ሥሩ" አትበሏቸው። "የአያታችሁን ግቢ፣ ወይ የምታውቁትን የአንድ ሰው ግቢ፣ በጥቅምት ወር ሥሩ" በሏቸው። ደውለው ይጠይቁ። ነፋሱ ከየት ነው፣ ውኃው ከየት ነው፣ በረቱ ለምን እዚያ ሆነ? ስልክ የሌለው ዘመድ ዛሬ ጥቂት ነው። ከብቱን ከሱቅ መግዛታቸው ካልቀረም ሻኛ ከሰም ይሥሩለት፣ ቀለሙንም ይጠይቁ፤ የአጎቴ በሬዎች አንዱ ዳልቻ ነው፣ አንዱ ቡሬ።

በመጨረሻ ለአንባቢዎች ጥያቄ አለኝ። በእርድ ያቀለምኩት ቃጫ መስኮት አጠገብ ያለው ፀሐይ እየመታው ነጥቷል፣ ጤፉ ገብስ መስሏል። ቃጫ ወይም አለላ በማቅለም የምታውቁ፣ በተለይ ስፌት የምትሰፉ እናቶች፣ ፀሐይ የማይለቅቀው ቢጫ ምን እንደሆነ በዚሁ ጋዜጣ ብትጽፉልኝ ውለታችሁን አልረሳም። አጎቴ ለጥምቀት ይመጣል፤ ከዚያ በፊት የነጣውን ነቅዬ እንደገና መትከል አለብኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ