በእኛ በእንግዶቹ ስም የበለስ ሻጯን አታባርሩ፦ ለአንድ ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ

ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ፣

የከተማዎን ስም አልጽፍም፤ የእርስዎንም አልጽፍም። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ ገብቷል፣ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል። ስለዚህ ማን እንደሆንኩም፣ ስለ ምን እንደማወራም ያውቃሉ። ነገሩን አደባባይ ማውጣት አልፈለግኩም ነበር። መጀመሪያ በቃል ነገርኳችሁ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ፣ ከዚያ በስልክ። «ይጣራል» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ።

ጉዳዩ የአንዲት በለስ ሻጭ ሳፋ ነው። ጠረጴዛዎ ላይ ከተከመረው ጉዳይ ሁሉ ትንሹ ሊመስልዎ ይችላል። ለእኔ አይደለም፤ ምክንያቱም ሳፋው የተወሰደው በእኔ ስም ነው።

በክረምቱ የትምህርት ቤት እረፍት ነው ወደ ትግራይ የመጣነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ። አማቴ የአዲግራት ሰው ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ አገራቸውን አላዩም፤ ልጆቹ ደግሞ የአያታቸውን አገር የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው። በአውሮፕላን መቀሌ ገብተን ከዚያ መኪና ተከራየን።

ያየነው አገር ያምራል፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከሐውዜን ወጣ ስትሉ የገርዓልታ ተራሮች በጠዋት ፀሐይ ቀይ ሆነው ይቆማሉ፤ ልጆቹ መኪና ውስጥ ጸጥ አሉ፣ እነሱ ደግሞ ጸጥ የሚሉ ልጆች አይደሉም። ከዓለት ተፈልፍሎ ወደተሠራው አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የወጣነው እኔና ትልቋ ልጄ ነን። ጫማ አውልቆ ነው የሚወጣው። እጅና እግር የሚገባበት ዓለቱ ላይ ተፈልፍሏል፣ የመጨረሻዋ መንገድ ጠባብ ናት፣ በአንድ ጎን ግድግዳ በሌላው ጎን ገደል። ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ሐዋርያቱና ቅዱሳኑ ጉልላቱ ላይ ተሥለው ይጠብቋችኋል። ልጄ ወርዳ ለአያቷ ስትነግራቸው አማቴ አለቀሱ።

ይሓም ሄድን። ከአድዋ ወደ አዲግራት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቤተ መቅደሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ አልመቃህ ለተባለ አምላክ የተሠራ ነው። ግድግዳው እስከ 14 ሜትር ከፍ ይላል። ጭቃም ኖራም የለውም፣ ድንጋይ ተጠርቦ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብቻ ነው። ትንሹ ልጄ ጥፍሩን መጋጠሚያው ውስጥ ሊያስገባ ሞክሮ አቃተው። አዲግራት ላይ ጥሕሎ በላን፤ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃና በጨው ተለውሶ፣ ትንንሽ ድብልብል ሆኖ ይቀርባል። በሹካ እንጨት ወግታችሁ ወጡ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። አማቴ ድብልብሉን ራሳቸው ካልሠራሁ ብለው ከምግብ ቤቱ ባለቤት ጋር ተቀምጠው አብረው ለወሱ።

እንዲህ ሆኖ ነው እርስዎ ከተማ የደረስነው። አሸንዳ ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል፣ በለስ በየመንገዱ ዳር ሞልቷል።

ሴትየዋ የተቀመጠችው ከአስፋልቱ ራቅ ብላ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ፊቷ በለስ የሞላ ሳፋ፣ አጠገቧ ውሃ ያለው ባልዲ። በለሱን ከውሃው ታወጣለች፣ ሁለቱን ጫፍ በቢላ ትቆርጣለች፣ ከላይ እስከ ታች አንዴ ትሰነጥቀዋለች፣ ከዚያ ልጣጩን በአውራ ጣቷ ግራና ቀኝ ገለጥ አድርጋ ፍሬውን ብቻ እንድናነሳ ትዘረጋልናለች። እሾሁ በዓይን አይታይም፣ እጅ ላይ ከገባ ግን ስታኩ ነው የምትውሉት። ስለዚህ ልጣጩን ከእሷ በቀር ማንም እንዲነካ አትፈቅድም። የትም አትጥለውም ደግሞ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ትከተዋለች፤ ማታ ለፍየሎቿ ነው። አማቴን «አደይ» እያለች ታወራቸዋለች። ለልጇ የአሸንዳ ቀሚስ ልትገዛላት እያጠራቀመች ነበር።

አንድ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ወረዱ። ሰላምታ የለ፣ ጥያቄ የለ። አንዱ ሳፋውን ከነበለሱ አንስቶ መኪናው ላይ ወረወረው፣ ግማሹ መሬት ላይ ተበተነ። ሌላው ባልዲውን ደፋው፣ ቢላዋውንም ወሰደ። ውሃው አማቴ እግር ላይ ፈሰሰ። ትንሹ ልጄ በእጁ በለስ እንደያዘ እኔ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀ። ሴትየዋ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትላለች፣ ትግርኛ ስለማልችል አማቴን ጠየቅኋቸው። «በለሱን ውሰዱት፣ ሳፋውን ግን መልሱልኝ፣ የጎረቤቴ ነው» ነው የምትለው።

ባለቤቴ ምን አጠፋች ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው በአማርኛ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ለእናንተ ብለን ነው እኮ፣ እንግዳ ሲመጣ ከተማው ንጹሕ ሆኖ እንዲጠብቀው ነው» አለው።

ይህቺን ቃል ነው እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ።

የበላነውን ገና አልከፈልንም ነበር። ባለቤቴ የሳፋውን በለስ ሙሉ ዋጋ ሊሰጣት ሞከረ። የበላችሁትን ብቻ ብላ የቀረውን መለሰችለት፣ ባዶ ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

የዚያኑ ዕለት ቢሮአችሁ መጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ማመልከቻ ጻፍኩ። ማመልከቻውን የተቀበለኝ ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ስቦ አስቀምጦኛል። ግን ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «እህቴ፣ አትድከሚ፣ እነሱ እኮ ለምደውታል» አለኝ። ምኑን ነው የሚለምዱት? ከነጋ የለቀሙትን ከሰዓት መቀማትን? ጦርነቱን ያሳለፈች፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መድኃኒት ጠፍቶ ልጆቿን ይዛ የከረመች ሴት ናት። ጥቅምት 2015 የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም እንዲህ ያለችው ሴት ተረጋግታ ትነግዳለች ብለን ነበር ደስ ያለን። አሁን ደግሞ ከገዛ ከተማዋ ማዘጋጃ ቤት መሸሽን ትልመድ?

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ሥራ ተሰማርቶ መተዳደር እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ተጽፏል። ቦታው የተከለከለ ከሆነ ይነገራታል፣ ያላት ቦታ ይታያታል። ንብረት ከተወሰደ ደግሞ ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ፣ ወረቀት ተሰጥቶ ነው። ለእሷ ወረቀት አልተሰጣትም። ሳፋው የት ገባ? በለሱን ማን በላው? በማመልከቻዬ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፣ እስካሁን መልስ የለም።

እንግዳ ነን ካላችሁን እንግዳው ይናገር። ከአዲስ አበባ ተነስተን ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው የታጠበ አስፋልት ለማየት አይደለም። ተራራውን፣ መቅደሱን፣ ሰዉን፣ የሰዉን ማዕድ ፈልገን ነው። እሷን አባርራችሁ የምታሳዩን ከተማ አንፈልግም። አገር ጎብኚ ይምጣ፣ ኑሮ ይነሳ ትላላችሁ፣ እኔም እንዲነሳ እመኛለሁ፤ ታዲያ የጎብኚው ብር ያለ ደላላ፣ ያለ አስጎብኚ፣ በቀጥታ እጇ ላይ የሚያርፈው የመንገድ ዳሯ ሴት ናት። ከእሷ ጀምራችሁ ነው የምትነቅሉት? ልጄ ቤት ተመልሶ ይሓን አይደለም ለጓደኞቹ የሚያወራው። «አያቴ አገር ፖሊስ በለስ ይወስዳል» ነው የሚለው። አማቴ ይህን በሰሙ ቁጥር የሚሰማቸውን ሐፍረት ቢያዩት ኖሮ ስልኩን ያነሱ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሳፋው ለባለቤቱ ይመለስ፣ የተበተነው በለስ ዋጋ ይታሰብላት። በለስ ወቅቱ ሁለት ሦስት ወር ነው፤ ለዚያ ጊዜ አንድ ጥላ ያለበት ቦታ፣ የውሃ ቧንቧና የልጣጭ ማጠራቀሚያ ማዘጋጀት ከተማውን አያከስረውም። ለማመልከቻዬም በጽሑፍ መልስ ስጡኝ። አይሆንም ከሆነም አይሆንም በሉኝ፣ ግን በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው አንቀጽ መሠረት እንደተወሰደባት ይጻፍ። ስልኬ ከማመልከቻው ግርጌ አለ።