በድረ ገጻችን ላይ ስለሚከማቹ ትርፍ የፎቶ ቅጂዎች

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

የሐረር ጁገልን በሮችና የማታውን የጅብ ምገባ ያነሳችሁባቸውን ፎቶዎች በጫናችሁ ቁጥር፣ ድረ ገጻችን የሚሠራበት ሶፍትዌር ዎርድፕረስ ከዋናው ፎቶ ሌላ የ150፣ 300፣ 768፣ 1024፣ 1536 እና 2048 ፒክስል ቅጂዎችን በራሱ ስለሚያዘጋጅ፣ የተከራየነው ማከማቻ ማንም በማይከፍታቸው ፋይሎች እየተሞላ ይገኛል።

ስለዚህ የገጻችን ዲዛይን የማይጠቀምባቸውን መጠኖች በሚዲያ ማስተካከያው ላይ 0 በማድረግ እንዘጋለን፤ እዚያ የማይታዩት 768፣ 1536 እና 2048 ግን በኮድ ወይም በፕለጊን (በዎርድፕረስ ላይ በሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ይዘጋሉ። ይህ ለወደፊት ጭነት እንጂ ለቀድሞዎቹ ቅጂዎች ስለማይሠራ፣ እነርሱን የምናጸዳው መጠባበቂያ ከያዝን በኋላ ነው። እስከዚያው ማንም አባል በእጁ እንዳይሰርዝ አሳስባለሁ፤ የቆዩ ጽሑፎች አንዱን ቅጂ በፋይል ስሙ ስለሚጠሩ፣ ፋይሉ ሲጠፋ የፎቶው ቦታ ባዶ ይቀራል።

የድረ ገጹ ኃላፊ